ፒኤቢኤክሱ ላይ ሁለት ካርድ ጨመርን፣ ከረፋድ በኋላ ስልኩ ዘበኛ ቤት ብቻ ይጮኻል

ቢሮ_ገላን

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ገላን ውስጥ ባለ አንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ነው። ቢሮው፣ ማሳያ ክፍሉ፣ እንጨት መቁረጫውና መጋዘኑ ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። አስተዳደሩን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የስልኩም ነገር እኔው ላይ ወደቀ።

ፒኤቢኤክሳችን፣ ማለትም የቢሮውን ስልኮች እርስ በርስና ከውጭ መስመር ጋር የሚያገናኘው ማሽን፣ ፓናሶኒክ ኬኤክስ-ቲኢኤስ824 ነው። እስካሁን በ3 የውጭ መስመርና በ8 ኤክስቴንሽን (የውስጥ ስልክ) ሲያገለግለን ቆይቷል፣ ምንም አላስቸገረንም። ሰው ሲጨመር ግን አልበቃ አለ። ስለዚህ ሁለት ካርድ ተገዛ፤ አንዱ ቲኢ82483 ይላል፣ ሌላው ቲኢ82474። አንድ ተጨማሪ የውጭ መስመርም ስላስገባን አሁን መስመራችን 4 ደርሷል። ካርዶቹን የገጠመልን ቴክኒሻን ሥራውን በግማሽ ቀን ጨርሶ ሄደ፣ አሁን ስንደውልለት አያነሳም።

ችግሩ እንዲህ ነው። ለፋይናንስ ኃላፊውና ለሽያጭ ኃላፊዋ ስክሪን ያላቸው ሁለት ሲስተም ስልኮች ተገዙ፣ ሁለቱም ቲ7730 ናቸው። የፋይናንሱ 110 ላይ ነው፣ ይሠራል። የሽያጯ 118 ላይ ነው፣ ጭራሽ አይበራም። ስልኩ ተበላሽቷል ብዬ አቀያየርኳቸው፤ የማይበራው ፋይናንስ ጋ ሲሄድ ይበራል፣ የሚበራው ሽያጭ ጋ ሲመጣ ይጠፋል። ግን እዚያው 118 ላይ ተራ ስልክ ስሰካ ድምፅ አለው፣ ይደውላልም።

ሁለተኛው፣ ሠራተኞች ወደ ውጭ ለመደወል 9 ሲጫኑ አንዳንዴ ፀጥ ይላል። ዘግተው ደግመው ሲሞክሩ ይሠራል። ጠዋት ጠዋት፣ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ ሲሆን፣ ይብሳል።

ሦስተኛው ነው የባሰው። ጠዋት ደንበኛ ሲደውል ሪሴፕሽን ላይ ይጮኻል፣ እንደ ድሮው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጀምሮ ግን ሪሴፕሽን ዝም ይልና ዘበኛ ቤት ብቻ ይጮኻል። በየቀኑ ነው። ጥበቃዎቹ በር ይክፈቱ ወይስ የሶፋ ዋጋ ይንገሩ? ደንበኛ እያጣን ነው። እባካችሁ የምታውቁ ካላችሁ።

ሚኪ_አያት

እህቴ ብዙ አትጨነቂ። ሪሴት አድርጊውና ከዜሮ ጀምሪ። ሳጥኑን ስትከፍቺው ክሊር የሚል ትንሽ ማጥፊያ አለች፣ እሷን ገፋ አድርጎ ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ነው። የእኛ ቢሮ ሲያስቸግር የተስተካከለው እንዲያ ነው።

ክሮን_ቃሊቲ

ቢሮ_ገላን፣ እባክሽ ያቺን ማጥፊያ እንዳትነኪ። ሚኪ ሊረዳሽ ብሎ ነው፣ ግን እሷ ያላችሁን ሁሉ ነው የምታጠፋው። የኤክስቴንሽን ቁጥሮችና ስሞች፣ የአጭር ቁጥር መዝገባችሁ፣ ማን ወደ ውጭ ይደውል ማን አይደውል የተባለው ሁሉ ፋብሪካው ወዳወጣው ይመለሳል። ያኔ ዛሬ የሚሠራውም አይሠራም። ያንቺ ሦስት ችግሮች ሦስት የተለያየ ምክንያት ነው ያላቸው፣ አንዱም ማሽኑን ማጥፋት አይፈልግም።

ከሲስተም ስልኩ ልጀምር። የካርዶቹ ቁጥር ይመሳሰላል እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። 82483 ሦስት የውጭ መስመርና ስምንት ኤክስቴንሽን ይጨምራል፤ እነዚህ ስምንቱ ሲስተም ስልክም ተራ ስልክም ይቀበላሉ። 82474 ግን የሚጨምረው ስምንት የተራ ስልክ መውጫ ብቻ ነው። ሲስተም ስልክ የሚሠራው በአራት ሽቦ ነው። መሃል ያሉት ሁለቱ ድምፁን ይይዛሉ፣ ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ዳታውን። ስክሪኑም ቁልፎቹም ከማሽኑ ጋር የሚነጋገሩት በዳሩ ጥንድ ነው። 82474 ላይ ያ ጥንድ የለም። ተራ ስልክ የሚፈልገው የመሃሉን ብቻ ስለሆነ 118 ላይ ሰላም ነው፣ ቲ7730 ግን ሬሳ ይሆናል። ስልኩም ደህና ነው፣ ካርዱም ደህና ነው። የተሰካው ያለቦታው ነው። ስልኮቹን አቀያይረሽ መሞከርሽ ደግሞ በጣም ጥሩ አድርገሻል፣ ጥርጣሬውን በሙሉ ያነሳው እሱ ነው።

መፍትሔው ክሮኑ (ሽቦዎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ሰሌዳ) ላይ ጃምፐር፣ ማለትም አገናኝ ሽቦ፣ ማዘዋወር ነው። 82483 ላይ ከ109 እስከ 116 ባሉት ላይ ተራ ስልክ የተሰካበት ይኖራል፣ መጋዘኑ ወይም መቁረጫው ክፍል ለምሳሌ። እሱን ወደ 82474 ውሰጂው፣ የሽያጯን እሱ ወደነበረበት አምጪው። አንድ ነገር ልብ በይ። ወደ ሽያጭ ክፍል የተሳበው ሽቦ ስንት እንደሆነ እዪ፤ ቴክኒሻኖች ተራ ስልክ ነው ብለው ካሰቡ ሁለት ሽቦ ብቻ ስበው ሌላውን ጥንድ ሳያስሩ ይተዉታል። ሶኬቱ ውስጥ አራቱም መታሰር አለባቸው፣ የመሃሉ ጥንድ ከመሃሉ፣ የዳሩ ከዳሩ።

ስልኩ ሲዘዋወር ቁጥሩም ይለወጣል። ለደንበኛ የሰጠችው ቁጥር እንዳይቀየርባት ከፈለግሽ ፕሮግራም 009 ላይ ገብተሽ ቁጥሮቹን ማለዋወጥ ትችያለሽ። ሁለት ኤክስቴንሽን አንድ ቁጥር መያዝ ስለማይችሉ መጀመሪያ አንዱን ለጊዜው ማንም ያልያዘው ቁጥር ስጪው፣ 150 በይው፣ ከዚያ ቦታ አለዋውጪ። ወደ ፕሮግራም የሚገባው ጃክ 01 (የማሽኑ የመጀመሪያ ኤክስቴንሽን መውጫ) ላይ ካለው ሲስተም ስልክ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሪሴፕሽኑ ነው። ፕሮግራም ወይም ፖውዝ የሚለውን ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ ከዚያ * እና #፣ ከዚያ የይለፍ ቁጥሩን። ቴክኒሻኑ ካልቀየረው 1234 ነው። ስክሪኑ የፕሮግራም ቁጥር ሲጠይቅሽ ሦስቱን አሃዝ ታስገቢያለሽ። ለውጡን አስገብተሽ ስቶር የሚለውን ቁልፍ ካልተጫንሽ አይመዘገብም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው።

የ9 ነገር። 82483 ሦስት መስመር የሚቀበል ካርድ ነው፣ እናንተ ያስገባችሁት አንድ ነው። ስለዚህ 5ኛውና 6ኛው መውጫ ባዶ ናቸው። 9 ሲጫኑ ማሽኑ ነፃ መስመር ፈልጎ ይሰጣል፤ ምንም ያልተሰካበት መስመር ደግሞ ምንጊዜም ነፃ ነው። ከ1 እስከ 4 ያሉት ሲያዙ ማሽኑ 5ን ያቀብላል፣ 5 ላይ ማንም የለም፣ ሰውየው ፀጥታ ይሰማል። ጠዋት የሚብሰው ለዚህ ነው፣ ያኔ ነው አራቱም የሚያዙት። ፕሮግራም 400 ግቢና 5ኛውንና 6ኛውን መስመር «ያልተገናኘ» አድርጊያቸው። ከዚያ ወዲህ መስመር ሲያልቅ የተያዘ ድምፅ ይሰማሉ እንጂ ባዶ አይሰጣቸውም። ወደፊት አምስተኛ መስመር ስታስገቡ እሱን መልሶ «የተገናኘ» ማድረግ እንዳይረሳ፣ ያለዚያ አዲሱ መስመር አልሠራም ተብሎ ሌላ ጣጣ ይመጣል።

አሁን ወደ ዘበኛ ቤቱ። ይህ ማሽን ቀን፣ ማታና ምሳ የሚባሉ አሠራሮች አሉት። ቀን ላይ ከውጭ የመጣ ጥሪ የት ይጩህ፣ ማታ የት ይጩህ ለየብቻ ይሰጠዋል፤ 408 የቀኑ፣ 409 የማታው፣ 410 የምሳው ነው። ማታ ዘበኛ ቤት እንዲጮህ መደረጉ ትክክል ነው። ጥያቄው ማሽኑ ረፋድ ላይ ለምን ማታ ሆነ ብሎ አመነ የሚለው ነው። የሥራ ሰዓታችሁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 11 ሰዓት ተኩል አይደለም? ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ቴክኒሻኑ ሰዓታችሁን ጠየቀ፣ 2፡30 እና 11፡30 ተባለ፣ እሱም ቁጥሩን እንዳለ አስገባው። ማሽኑ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የፈረንጅ 11፡30 ኤኤም የእኛ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ነው። ልክ በዚያች ደቂቃ ማሽኑ መሽቷል ብሎ ጥሪውን ወደ ዘበኛ ቤት ያዞራል። ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ነጋ ይልና ወደ ሪሴፕሽን ይመልሰዋል፣ እናንተ ተኝታችሁ ስለሆነ አታዩትም።

ስለዚህ መጀመሪያ 000 ላይ የማሽኑ ቀንና ሰዓት ራሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ትክክል መሆኑን እዪ። ከዚያ 007 ላይ የቀኑን መጀመሪያ 8፡30 ኤኤም፣ የማታውን መጀመሪያ 5፡30 ፒኤም አድርጊ። የምሳ ሰዓት የምትጠቀሙ ከሆነ እሱንም በዚያው ሒሳብ ስድስት ሰዓት ጨምረሽ ወይም ቀንሰሽ አስገቢ። ማሽኑ በራሱ እንዲቀያየር ካልፈለጋችሁ ደግሞ 006 ላይ በእጅ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ሪሴፕሽኒስቷ ስትወጣ ራሷ ወደ ማታ ታዞረዋለች።

አዳዲሶቹ ኤክስቴንሽኖች ላይም አንዴ ዓይንሽን ጣል አድርጊ። ከ405 እስከ 407 ማን በየትኛው መስመር ወደ ውጭ መውጣት እንደሚችል ነው የሚወስኑት። ለመጋዘኑና ለዘበኛ ቤቱ አራቱም መስመር ክፍት ሆኖ ከሆነ ወር ሲያልቅ ቢሉ ይነግራችኋል።

ሚኪ_አያት

እሺ ጋሼ፣ ትምህርት ነው። ይቺ የሰዓት ነገር ስንቱ ቢሮ ላይ ትኖር ይሆን።

ቢሮ_ገላን

የሥራ ሰዓታችን ልክ እንዳሉት ነው! ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል። እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገ ጠዋት ገብቼ እነግራችኋለሁ። እስከዚያው አንድ ነገር ልጠይቅ። መጋዘኑ ከቢሮው 180 ሜትር አካባቢ ይርቃል። የመጋዘን ኃላፊያችን እሱም ሲስተም ስልክ ይፈልጋል። ይሆናል?

ሽቦ_ለገጣፎ

በዚህ በርቀቱ ጉዳይ ልግባ፣ የግቢ ሽቦ ዝርጋታ የየዕለት ሥራዬ ነው።

180 ሜትር ይሆናል፣ ግን ሽቦው ወሳኝ ነው። 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሽቦ ሲስተም ስልክ እስከ 230 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በቀጭኑ በ0.4 ከሆነ 140 ሜትር ላይ ያበቃል፣ ያኔ ስክሪኑ ይበራ ይጠፋ ይጀምራል። ተራ ስልክ በዚያው በ0.5 ሽቦ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ እሱ አያሳስብም። መለኪያው ደግሞ በአየር ላይ የምታዪው ርቀት አይደለም፤ ሽቦው ግድግዳ ሲወጣ፣ በጣሪያ ሲዞር፣ ክሮን ጋ ደርሶ ሲታጠፍ ያለው ሁሉ ይቆጠራል። 180 ያልሽው በቀላሉ 220 ሊሆን ይችላል። ጠርዝ ላይ ናችሁ። እኔ ብሆን መጋዘኑ ላይ ተራ ስልክ ነው የማስቀምጠው፣ ለኃላፊውም ገመድ አልባ ተራ ስልክ ብትገዙለት መደርደሪያዎቹ መካከል እየዞረ ያወራበታል።

ሌላው ግን ከዚህ ይበልጣል። ሽቦው ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሕንፃ በሜዳ ላይ ይሄዳል ማለት ነው፣ አይደል? እኛ ከተማው ዳር ያለን ሰዎች ክረምት ላይ መብረቅ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ዙሪያው ሜዳ ነው፣ ፎቅ የለም፣ ረዥሙ ነገር የእናንተ ቆርቆሮ ጣሪያና የመብራት ምሰሶው ነው። መብረቁ ሽቦው ላይ ባይወርድ እንኳን አጠገቡ ሲወርድ ሽቦው ላይ ጉልበት ይፈጥራል፣ ያ ጉልበት በሽቦው ተጉዞ ካርዱን ያቃጥለዋል። ሰው የሚያስበው ከቴሌ የሚመጣው መስመር ብቻ አደገኛ እንደሆነ ነው። በግቢ ውስጥ ወደ መጋዘንና ወደ ዘበኛ ቤት የሚሄደው ግን እኩል አደገኛ ነው። አንድ ካርድ ከስምንት መውጫ ጋር አብሮ ሲቃጠል አይቻለሁ፣ የተነካው አንዱ መውጫ ብቻ ሆኖ ሳለ።

ስለዚህ ከሕንፃ የሚወጣ ሽቦ ሁሉ ማሽኑ ጋ ሲደርስ በመብረቅ መከላከያ ያልፍ፣ መከላከያውም ማሽኑም አንድ ላይ መሬት ይታሰሩ። መሬት ያልታሰረ መከላከያ ጌጥ ነው። ማሽኑ ራሱ የመሬት ማሰሪያ ብሎን አለው፣ ብዙ ቦታ ባዶውን ተቀምጦ ነው የማገኘው። ሽቦውን በተቻለ መጠን በመሬት ውስጥ በቱቦ ውሰዱት፣ ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አታስገቡት።

ካርድ ለማውጣት ወይም ለማስገባት ሳጥኑን የከፈታችሁ ጊዜ ደግሞ ማሽኑ ጠፍቶ ነው የሚከፈተው፣ ካርዱን ከመያዛችሁ በፊትም መሬት የታሰረ ብረት ንኩ። ማሽኑ እየሠራ ካርድ የሚሰካ ሰው ካያችሁ አስቁሙት።

ኔት_ሱሉልታ

ሁላችሁም ያላችሁት ልክ ነው፣ ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ለምን በዚህ ማሽን ላይ ገንዘብ ይወጣል? 24 ኤክስቴንሽንና 8 የውጭ መስመር ጣሪያው ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ድርጅቱ እያደገ ነው። ዩሲኤም6204 የሚባለው በኔትወርክ የሚሠራ ፒኤቢኤክስ አራት የውጭ መስመር ይቀበላል፣ ኤክስቴንሽኑ በኔትወርክ ስለሆነ ካርድ የሚባል ነገር የለም። ቁጥር መቀየር ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ በማውዝ ነው፣ * # 1234 የለም። ጥሪ ይቀዳል፣ ሞባይል ላይም ኤክስቴንሽን ማውረድ ይቻላል። የሽያጭ ኃላፊዋ ቦሌ ደንበኛ ጋ ሄዳም የቢሮዋን ስልክ ታነሳለች። እኔ ዛሬ አዲስ ቢሮ ላይ እንደዚህ ያለ አናሎግ ማሽን አልመክርም።

ክሮን_ቃሊቲ

ኔት_ሱሉልታ፣ አዲስ ቢሮ ላይ እኔም አልመክርም። ይሄ ግን አዲስ ቢሮ አይደለም። ካርዶቹ ተገዝተዋል፣ ሽቦው ተዘርግቷል፣ ሃያ ስልክ ጠረጴዛ ላይ አለ። አይፒ ስልክ፣ ማለትም በኔትወርክ የሚሠራው፣ ለያንዳንዱ ኔትወርክ መስመርና መብራት ይፈልጋል። መጋዘኑ 180 ሜትር ነው፣ የኔትወርክ ሽቦ ደግሞ 100 ሜትር ላይ ያበቃል፣ ስለዚህ ፋይበር ወይም መሃል ላይ ስዊች ሊገባ ነው፣ ስዊቹም መብራት ይፈልጋል። አናሎግ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከማሽኑ በሽቦው ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ ባትሪ ካስቀመጡ ግቢው ሁሉ ይሠራል። ለቤት ዕቃ ማምረቻ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 24ቱ ሲሞላ ያኔ አንተ ያልከው ትክክል ይሆናል።

ኔት_ሱሉልታ

የመብራቱን ነገር እቀበላለሁ። እኛ ጋም ስዊቹ ላይ ዩፒኤስ እስክናስገባ ድረስ መብራት በሄደ ቁጥር ሕንፃው ሁሉ ዲዳ ይሆን ነበር። ቢያንስ ግን ቢሮ_ገላን፣ አሁን የምትዘረጉት አዲስ ሽቦ ካለ ለኔትወርክም የሚሆን ዓይነት አድርጉት። ባለ አራት ጥንዱ ካት 5 ሽቦ ለስልክም ይሆናል፣ ውፍረቱም ያው 0.5 ነው። ነገ ስትቀይሩ ግድግዳ ዳግም አይቆፈርም።

ሽቦ_ለገጣፎ

በዚህ እስማማለሁ። ግን በሜዳ የሚያልፈው ለውጭ የተሠራ ይሁን፣ የቤት ውስጡ በፀሐይ ሁለት ዓመት አይቆይም።

ቢሮ_ገላን

እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ገባሁና 000ን አየሁ፣ የማሽኑ ሰዓት ትክክል ነው፣ በፈረንጅ። 007 ላይ ልክ ጋሼ እንዳሉት 2፡30 ኤኤም እና 11፡30 ኤኤም ተጽፎ አገኘሁ። አስተካከልኩት። 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሪሴፕሽን ጋ ቆሜ ጠበቅኩ፣ ከራሴ ሞባይል ደወልኩ፣ ሪሴፕሽን ጮኸ! ጥበቃዎቻችን ናቸው ከሁሉም በላይ የተደሰቱት።

400 ላይ 5ኛውና 6ኛው ሁለቱም «የተገናኘ» ይሉ ነበር፣ ቀየርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ፀጥ አለ ብሎ የመጣ ሰው የለም፣ ሁሉም መስመር ሲያዝ የተያዘ ድምፅ ይሰማሉ። የሽያጯን ስልክ የጥገና ሠራተኛችን ከመቁረጫው ክፍል ጋር አለዋወጠላት። ሶኬቷ ውስጥ እውነትም ሁለት ሽቦ ብቻ ነበር የታሰረው፣ ሌላው ጥንድ ተጠቅልሎ ግድግዳው ውስጥ ተቀምጧል። አራቱንም ሲያስር ስክሪኑ በራ። ቁጥሩንም 009 ላይ በ150 በኩል አዙሬ 118ን መለስኩላት። መጋዘኑ ላይ ተራ ገመድ አልባ ስልክ እንዲገዛ ጠይቄያለሁ፣ የመሬት ማሰሪያውንም ኤሌክትሪሻኑ አይቶት ባዶ መሆኑን ነገረኝ፣ ቅዳሜ ይታሰራል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ሪሴፕሽኒስታችን 20 ሰው አንድ በአንድ ቁጥር እየደወለች ነው የምታገናኘው፣ በአንድ ቁልፍ ሰው የሚጠራ ተጨማሪ ሰሌዳ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚህ ማሽን ጋር ይሄዳል? ሌላው፣ እዚህ መብራት ሲሄድ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፣ አንዳንዴም ነዳጅ የለም። ያኔ ስልኩ ሁሉ ይሞታል። ምን ይደረግ?

ክሮን_ቃሊቲ

ጎበዝ። በርቺ።

ሰሌዳው አለ። ቲ7740 ይባላል፣ ሰዎችን በቀጥታ የሚጠሩ 32 ቁልፎች አሉት፤ 24ቱ ኤክስቴንሽናችሁ ሁሉ ይገባበታል፣ ቦታም ይተርፋል። የተያዘውን ሰው ቁልፍ መብራቱ ስለሚነግራት «ቆይ ልሞክርልህ» እያለች ደንበኛ አታቆይም። ግን ሰሌዳው ስልኩ ላይ አይሰካም፣ ራሱን የቻለ አንድ ኤክስቴንሽን መውጫ ይበላል፤ ያም መውጫ ሲስተም ስልክ ከሚቀበሉት አንዱ መሆን አለበት። 82474 ላይ ከሰካችሁት እንደ ሽያጯ ስልክ ዝም ይላል። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ይህ ሰሌዳ የዚህ ስልክ ነው ተብሎ ከሪሴፕሽኑ ስልክ ጋር ይጣመራል፤ ይህ ካልተደረገ ቢበራም አይታዘዝም። ከመግዛታችሁ በፊት ከ101 እስከ 116 ባሉት ላይ ባዶ ወይም ተራ ስልክ የያዘ መውጫ መኖሩን ቁጠሪ።

መብራቱን በተመለከተ፣ ማሽኑ ሲጠፋ 1ኛው የውጭ መስመር በራሱ ከጃክ 01 ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ችግሩ፣ ያኔ የሚሠራው ተራ ስልክ ነው፣ ሲስተም ስልኩ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይሞታል። ጃክ 01 ደግሞ የሪሴፕሽን ሲስተም ስልክ ነው ያለበት። ስለዚህ እዚያው ጃክ 01 ላይ ተራ ስልክ ጎን ለጎን ሰክታችሁ አስቀምጡ፤ ተራው የመሃሉን ጥንድ፣ ሲስተም ስልኩ አራቱንም ይይዛሉ፣ ቁጥራቸውም አንድ ይሆናል። ያ ስልክ ባትሪ ወይም ሶኬት የማይፈልግ፣ ስክሪን የሌለው ቀላሉ ዓይነት ይሁን። ገመድ አልባ ከሆነ መብራት ሲሄድ እሱም አይሠራም።

1ኛው መስመር የትኛው እንደሆነ ግን መጀመሪያ አጣሩ። በመዳብ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ኃይሉን ከቴሌ ጣቢያ ይዞ ስለሚመጣ በጨለማም ይሠራል። ከፋይበር ሳጥን የወጣ ከሆነ ሳጥኑ ራሱ መብራት ይፈልጋል፣ ስለዚህ እሱም ዩፒኤስ ላይ ይሰካ። ሁለቱም ዓይነት ካላችሁ መዳቡን 1ኛ አድርጉት፣ ክሮኑ ላይ መቀያየር ብቻ ነው።

ዩፒኤስ ለጥቂት ደቂቃው ይበቃችኋል። ነዳጅ የሚጠፋበትን ቀን ካሰባችሁ ግን ይህ ማሽን ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ታስረው የሚቀበልበት መውጫ አለው፣ ለዚያ የተሠራው ገመድም ለብቻው ይሸጣል። ገመዱን ሳታገኙ ማንም ሰው በሌላ ሽቦ እንዳያገናኝላችሁ።

ቢሮ_ገላን

ከቴሌ የገባውን አሁን ሄጄ አየሁት። ሦስቱ የድሮ መስመሮች መዳብ ናቸው፣ አዲሱ 4ኛው ነው ከፋይበር ሳጥን የሚወጣው። ስለዚህ 1ኛው እንዳለ ይሁን ማለት ነው። ጥበቃ ቤት የነበረ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ አለ፣ እሱን ሪሴፕሽን ጃክ 01 ላይ አብረን እንሰካዋለን፣ ለፋይበሩ ሳጥንም ዩፒኤስ እጠይቃለሁ። ሰሌዳውን በተመለከተ ቆጠርኩ፤ 113 ላይ ፋክስ ነው ያለው፣ ማንም አይጠቀምበትም።

ክሮን_ቃሊቲ

ፋክሱን ወደ 82474 ውሰጂው፣ ለሱ ሁለት ሽቦ ይበቃዋል። 113 ለሰሌዳው ይሁን።